ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭኜ ፍላሹን ስነቅለው አይነሳም፤ መጀመሪያ «ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ»፣ አሁን ደግሞ «ሃል.ዲኤልኤል»

ታይፒስቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አባይ ማዶ ካለ ጽሕፈት ቤት ነው የምጽፈው። ማሽኑ 3ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ ነው፤ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ፣ ዲቪዲ ማንበቢያና ከፊት ለፊት የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ አለው። ዊንዶውስ 10 ነበረበት። ኤክስፒ የተፈለገው በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት) ለሚሠራ የቆየ የደረሰኝ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሚልከው በቀጥታ ወደ ኤልፒቲ1 (የማተሚያው ፓራለል መሰኪያ) ነው፤ ማተሚያው ኤፕሰን ኤልኤክስ-300፣ በፓራለል ኬብል።

እስካሁን የሆነው እንዲህ ነው። ከፍላሽ ሳስነሳው «ሴትአፕ ኢዝ ስታርቲንግ ዊንዶውስ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ስክሪን አመጣ፤ ቁጥሩ 0ኤክስ0000007ቢ። ባዮስ (ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብቼ የሳታ ኦፐሬሽኑን፣ ማለት ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበትን ስልት፣ ከኤኤችሲአይ (አዲሱ) ወደ ኤቲኤ (የቆየው) ስቀይረው አለፈ። የነበሩትን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍሎች) ሁሉ አጥፍቼ አንድ ፈጠርኩ፣ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አደረግኩ፣ ተጭኖ አለቀ። ፍላሹ ተሰክቶ ከሆነ ይነሳል። ስነቅለው ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» ብሎ ይቆማል።

ከዚያ ፍላሹ ላይ ያሉትን ኤንቲኤልዲአር፣ ኤንቲዲቴክት.ኮም እና ቡት.አይኤንአይ ወደ ሃርድ ዲስኩ ኮፒ አደረግኩ። አሁን መልእክቱ ተቀየረ፤ ሲስተም32 ውስጥ ያለው ሃል.ዲኤልኤል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል ይላል። ፎልደሩን ከፍቼ አየሁ፣ ፋይሉ ቦታው ላይ አለ። ሲጫን መሐል ላይ አንዴ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዩፒኤስ የለም። ዲስኩ ተጎድቶ ይሆን? ወይስ እንደ አዲስ ልጫን?

ደንገል

እህቴ፣ ዲስኩ ተጎዳ ለማለት ገና ነው። ያየሻቸው ሦስቱም መልእክቶች የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ በትክክል ይናገራሉ።

ኤክስፒ የሚነሳው በዱላ ቅብብል ነው። ባዮሱ የመጀመሪያውን ዲስክ ኤምቢአር (የዲስኩን መጀመሪያ ሴክተር) ያነባል፤ ኤምቢአሩ «አክቲቭ» የሚል ምልክት ያለበትን ፓርቲሽን ይፈልጋል፤ የፓርቲሽኑ ቡት ሴክተር ኤንቲኤልዲአርን ይጠራል፤ ኤንቲኤልዲአር ቡት.አይኤንአይን አንብቦ ዊንዶውሱ የት እንዳለ ይረዳል፤ ኤንቲዲቴክት የማሽኑን ዕቃ ይቆጥራል፤ ከዚያ ከርነሉ (የዊንዶውሱ እምብርት) እና ሃል.ዲኤልኤል ይጫናሉ፤ በመጨረሻ ዲስኩን የዊንዶውሱ ድራይቨር ይረከበዋል። 7ቢ የመጣው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፤ ኤክስፒ ከራሱ ጋር የኤኤችሲአይ ድራይቨር ስለሌለው ዱላውን የሚቀበል ሰው አጣ። ወደ ኤቲኤ መቀየርሽ ትክክል ነበር።

«ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» ያለሽ የፓርቲሽኑ ቡት ሴክተር ነው። ይህን ለማለት ከበቃ ኤምቢአሩም አክቲቭ ምልክቱም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመክረው ፊክስኤምቢአር (ኤምቢአሩን የሚጠግነው ትእዛዝ) አንቺን አይመለከትም። አሁን ስለ ሃል.ዲኤልኤል የሚያወራው ደግሞ ኤንቲኤልዲአር ራሱ ነው። ቡት.አይኤንአይ ላይ በተጻፈው አድራሻ ሄዶ ማንም አላገኘም። ፋይሉ አልጠፋም፤ ያንኳኳው የሌላ ሰው ቤት ነው።

አድራሻው የተሳሳተው በፍላሹ ምክንያት ነው። ከፍላሽ ስታስነሺ ባዮሱ ፍላሹን አንደኛ ሃርድ ዲስክ አድርጎ ያቀርበዋል። የኤክስፒ ሴትአፕ ይህን አምኖ ሦስቱን የማስነሻ ፋይሎች ፍላሹ ላይ ያስቀምጣል፤ ሃርድ ዲስኩን ሁለተኛ ብሎ ይመዘግባል። ቡት.አይኤንአይን ብትከፍቺው እንዲህ የሚል ታገኛለሽ፦

መልቲ(0)ዲስክ(0)አርዲስክ(1)ፓርቲሽን(1)\ዊንዶውስ

(እንደሚነበበው ነው የጻፍኩት፤ ፋይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) አርዲስክ የዲስኩ ተራ ቁጥር ነው፣ ከ0 ይጀምራል። ፍላሹ ሲነቀል ሃርድ ዲስኩ 0 ይሆናል፤ 1 የሚባል ዲስክ የለም። መድኃኒቱ አርዲስክ(1) የሚለውን አርዲስክ(0) ማድረግ ነው። ይኸው መስመር ሁለት ቦታ አለ፤ ላይ «ዲፎልት» ከሚለው አጠገብ፣ ታች ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ። ሁለቱንም ቀይሪ። አንዱን ብቻ ከነካሽ ሲነሳ «ዊንዶውስ (ዲፎልት)» የሚል ትርፍ ምርጫ ያመጣብሻል። የፓርቲሽኑን ቁጥር ግን አትንኪው፤ እሱ የሚቆጠረው ከ1 ነው።

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፍላሹ ተሰክቶ ኤክስፒው ሲነሳ ማይ ኮምፒውተር፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ያለው «ኤዲት» የሚከፍተው የፍላሹን ቡት.አይኤንአይ ነው። እሱን አስተካክለሽ ስትነቅዪው ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው እንደነበረ ይቆይሻል፤ ይባስ ብሎ በፍላሹም መነሳት ያቆማል። የሃርድ ዲስኩን ፋይል በኖትፓድ በቀጥታ ክፈቺው። ስውርና ሪድ ኦንሊ ስለሆነ አስቀድመሽ በኮማንድ መስኮት አትሪብ፣ -ኤስ -ኤች -አር ብለሽ ፍቺው።

በሪከቨሪ ኮንሶል (ከኤክስፒ መጫኛው የሚከፈት የጥገና መስኮት) ቡት.አይኤንአይን እንደ አዲስ የሚጽፈውን «ቡትሲኤፍጂ /ሪቢልድ» ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው ፍላሽ ከገባሽ ቆጠራው ያው ስለሆነ የተሳሳተውን ቁጥር መልሶ ይጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪን። ፍላሹ ተሰክቶ ሲነሳ ዊንዶውስ የሚባለው ፎልደር ያለው የትኛው ድራይቭ ላይ ነው? ሲ ላይ ነው ወይስ ሌላ?

ጋሽ_ሽቦ

ስለ መብራቱ፦ የጠፋው ፋይል በሚገለበጥበት ሰዓት ከሆነና ያንኑ ጭነት አስቀጥለሽው ከሆነ፣ አልቆ ቢነሳም አልተማመንበትም። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን በሪከቨሪ ኮንሶል ቼክዲስክ /አር (ዲስኩን የሚፈትሽ ትእዛዝ) በቂ ነው። 500 ጊጋ ላይ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ሐምሌ ውስጥ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሪው። ለአንድ ዴስክቶፕና ለአንድ ኤልሲዲ 650 ቪኤ ይበቃል። ማተሚያውን ግን ከዩፒኤሱ ላይ አትሰኪው።

ሌላው፣ ያ ማሽን ኢንተርኔት አይነካው። የኤክስፒ ድጋፍ የቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ አፕሪል 8, 2014። ጽሕፈት ቤት ደግሞ የከተማው ፍላሽ ሁሉ የሚመጣበት ቦታ ነው። የደንበኛ ፍላሽ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፤ እዚህኛው ላይ ኦቶራኑን (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን) ዝጊው።

ቡትሴክተር

እኔ መነሻ ሐሳቡ ላይ ጥያቄ አለኝ። ፕሮግራሙ የዶስ ከሆነ ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢትም ያስኬደዋል። የዶስ ፕሮግራም የማይቀበለው ባለ 64 ቢቱ ነው። 7 የኤኤችሲአይ ድራይቨር ከራሱ ጋር ስላለው የሳታ ጣጣ የለም፤ ፓርቲሽኑንም በትክክለኛው ቦታ ይጀምራል። በዚህ ማሽን ላይ 4 ጊጋ ራም ይዞ ምንም አያስቸግረውም።

አንድ ሊያደናቅፍ የሚችለው ፕሮግራሙ ሙሉ ስክሪን ላይ ካልሆነ የማይሠራ ከሆነ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ አዲሱ የግራፊክስ ድራይቨር የዶስን ሙሉ ስክሪን አይፈቅድም፤ ኤክስፒ ይፈቅዳል።

ታይፒስቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡትሴክተር፣ ፕሮግራሙ ሙሉ ስክሪን ነው የሚፈልገው፤ 7 ላይ ያንኑ ብሎ እምቢ ስላለ ነው ወደ ኤክስፒ የተመጣው።

ደንገል፣ ዊንዶውሱ ያለው ኤች ላይ ነው። ፍላሹ ሲ ሆኗል፤ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ የካርድ ማንበቢያው ናቸው። ቡት.አይኤንአይን እንዳልከው ሁለቱም ቦታ 0 አደረግኩት፤ ፍላሹ ተነቅሎ ተነሳ! ግን የደረሰኙ ፕሮግራም መረጃውን ሲ ላይ ካልሆነ አላገኝም ይላል። የድራይቩን ፊደል ልቀይረው?

ደንገል

አትቀይሪው። ዊንዶውሱ የተቀመጠበት ድራይቭ ፊደል ከተጫነ በኋላ አይቀየርም፤ በሬጅስትሪ (የዊንዶውሱ ቅንብር መዝገብ) አስገድደሽ ብትቀይሪው መግቢያው ላይ ይንጠለጠልብሻል። መብራቱም መሐል ላይ ጠፍቶ ስለነበር እንደ አዲስ መጫን ይሻላል፤ አሁን ግን በሲዲ። የኤክስፒ ኤስፒ3 ኢሜጅ 700 ሜጋ ሲዲ ላይ ይገባል። እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን እንደ ኢሜጅ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ጻፊው።

ሲፒዩውን ከፍተሽ የካርድ ማንበቢያውን ኬብል ከማዘርቦርዱ ንቀዪው። ባለ 9 ፒን መሰኪያ ላይ የተሰካ ቀጭን የዩኤስቢ ኬብል ነው። ፍላሹም፣ ውጫዊ ዲስክም አይሰካ። ጭነቱ ሲያልቅ የካርዱን መልሰሽ ብትሰኪው የሚወስደው ቀጣዩን ፊደል ስለሆነ ችግር የለውም።

አሁን ዕድሉ እያለ ፓርቲሽኑንም አስተካክዪ። ኤክስፒ ፓርቲሽን የሚጀምረው ከሴክተር 63 ነው። በፈረንጅ ከ2011 ወዲህ የተሠራ አብዛኛው ሃርድ ዲስክ ግን ውስጡ በ4096 ባይት የተከፋፈለ ነው። 8 ሴክተር አንድ 4096 ይሞላል፤ 63 በ8 ስለማይካፈል እያንዳንዱ የዊንዶውስ ክላስተር (ፋይል የሚቀመጥበት ቁራጭ) ሁለት ክፍል ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ሲጻፍ ዲስኩ ሁለቱን አንብቦ ሁለቱን መልሶ ይጽፋል። ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጎተታል። ዲስኩ ላይ «ኤኤፍ» የሚል ምልክት ካለ ይህ ያንቺ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ፓርቲሽኑን ኤክስፒ አይፍጠረው። የዊንዶውስ 7 ወይም 10 መጫኛ አስነሺ፤ የመጀመሪያው መስኮት ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ተጫኚ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በተራ እንዲህ ጻፊ፦

ዲስክፓርት
ሊስት ዲስክ
ሴሌክት ዲስክ 0
ክሊን
ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ሳይዝ=61440 አላይን=1024
አክቲቭ
ኤግዚት

ሊስት ዲስክ ላይ 0 የተባለው ባለ 465 ጊጋው መሆኑን በዓይንሽ ሳታረጋግጪ ክሊንን አትንኪ። 500 ተብሎ የተሸጠ ዲስክ እዚያ 465 ነው የሚለው። ክሊን ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ አይጠይቅም። 61440 ሜጋ 60 ጊጋ ነው፤ ለኤክስፒና ለደረሰኝ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን በኋላ በዚያው መንገድ ሌላ ፓርቲሽን አድርጊውና የደረሰኙን ቅጂ እዚያ አስቀምጪ።

ከዚያ በኤክስፒ ሲዲ አስነሺ። ፓርቲሽኑ ሲታይ «ሲ» መባሉን እዪ። ሌላ ፊደል ከሆነ የሆነ ነገር ተሰክቷል ማለት ነው፤ በኤፍ3 ውጪና ፈልጊ። ሲ ከሆነ ሳታጠፊው ኢንተር ብለሽ «ኩዊክ» የሚለውን የኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ምረጪ። ፎርማት ማድረግ የፓርቲሽኑን መነሻ አያንቀሳቅሰውም፤ አጥፍቶ መፍጠር ግን ወደ 63 ይመልሰዋል።

ቡትሴክተር

ሙሉ ስክሪን ከሆነ እሺ፣ ኤክስፒ ይሁን። አንድ ልጨምር፦ ሲዲውን ከመጻፍሽ በፊት የማሽኑን ቺፕሴት የሳታ ድራይቨር በኤንላይት (የመጫኛ ሲዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም) አብረሽ ብታስገቢው ኤኤችሲአይ ላይም ይነሳል። ሴትአፑ ሲጀምር ኤፍ6 ተጭነሽ ድራይቨር ስጪ የሚለው መንገድ የሚያነበው ከፍሎፒ ብቻ ነው፤ ፍላሽ ብትሰኪ አያየውም።

ደንገል

ቡትሴክተር ያለው ልክ ነው፤ ግን ለደረሰኝ ማሽን በፍጥነት በኩል ኤቲኤና ኤኤችሲአይ ልዩነታቸው በዓይን አይታይም። የድራይቨሩን ቁጥር በትክክል ካልመረጥሽ ደግሞ አዲስ ችግር መጥራት ነው። እኔ ኤቲኤ ላይ እተወው ነበር።

ታይፒስቷ

በሲዲ ተጫነ፣ ሲ ላይ ነው፣ ፕሮግራሙም መረጃውን አገኘ፣ ኤልኤክስ-300 አተመ። ትናንት ማታ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን አጥፍቼ ዘግቼ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ሳበራው የዊንዶውሱ ምልክት ብቅ ብሎ ወዲያው ሰማያዊ ስክሪን፣ ያው 0ኤክስ0000007ቢ! ምንም አልነካሁም። ለመነሳት ሲል ጥቁር ስክሪን ላይ ስለ ሰዓት የሆነ ነገር ብሎ ኤፍ1 ተጫኚ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ_ሽቦ

ባዮስ ግቢና ቀኑን እዪ። ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ፋብሪካ ወዳስቀመጠለት ተመለሰ፤ ፋብሪካው ያስቀመጠለት ደግሞ ኤኤችሲአይ ነው። ዊንዶውሱ አልተበላሸም። ሳታውን ወደ ኤቲኤ መልሺውና ይነሳልሻል፤ ግን ባትሪው ካልተቀየረ መብራት በጠፋ ቁጥር ይኸው ነው።

ባትሪው ሲአር2032 ነው፣ ባለ 3 ቮልት፣ ሳንቲም የሚመስለው። ሰዓት ሠሪዎች ጋ ታገኚዋለሽ። 2025 ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ስፋቱ አንድ ነው፤ ውፍረቱ ግን የአንዱ 3.2 ሚሊ ሲሆን የሌላኛው 2.5 ነው፤ ቤቱ ውስጥ ይላላና መልሶ ይረሳል። ስትቀይሪ የኃይል ገመዱን ከጀርባ ንቀዪ፤ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ የቀረውን አፍስሺ፤ የብረት መንጠቆውን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጊው ባትሪው ራሱ ብድግ ይላል። መደመር ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። በመልቲሜትር ለክተሽ አሮጌው ከ2.8 በታች ካነበበ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ታይፒስቷ

ጋሽ ሽቦ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። ቀኑ በፈረንጅ 2012 ይል ነበር፣ ሳታውም ኤኤችሲአይ ላይ ነበር። አሮጌው ባትሪ 2.1 አነበበ። አዲስ አድርጌ ቀኑን፣ ሳታውንና የማስነሻ ተራውን አስተካክዬ ዋናውን ለአንድ ሰዓት አጥፍቼ ሞከርኩት፤ ሁሉም በቦታው አለ።

የቀረችኝ ትንሽ ነገር፦ ከፕሮግራሙ «አትም» ካልኩ በኋላ ማተሚያው ሩብ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ይረዝማል።

ደንገል

የዶስ ፕሮግራም ማተም መጨረሱን ለዊንዶውስ አይናገርም፤ ስለዚህ ኤክስፒ ሌላ ነገር ይመጣ እንደሆነ ብሎ 15 ሰከንድ ይጠብቃል። ሬጅኤዲት ክፈቺ፤ ኤችኬይ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል፣ ከዚያ ዋው የሚለው ውስጥ «ኤልፒቲ_ታይምአውት» አለ። 15ቱን 3 አድርጊውና ሪስታርት። 1 አታድርጊው፤ ረጅም ደረሰኝ መሐል ላይ ፕሮግራሙ ትንሽ ካሰበ ወረቀቱን ለሁለት ይቆርጠዋል።

ጋሽ_ሽቦ

«ሳታ ኦፐሬሽን፦ ኤቲኤ» ብለሽ በወረቀት ጻፊና ሲፒዩው ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፊው። ባትሪው የተቀየረበትን ቀንም ጨምሪበት።